ከአራት ቀለም በታች

ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ቀለም አልወጣ ብሎኛል። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ይቆይ። የአሮጌ ሞተር ሳይክሌን ሻንሲ፣ ማለትም ዋናውን የብረት አጽሟን፣ ግን ዛሬ ቀለሙን ልጬ ጨረስኩ። ከመሪው አንገት እስከ ጭራው ራቁት ብረት ነው። ይህን ሳልጽፍ መተኛት አልፈለግኩም።

ሞተር ሳይክሏ ሆንዳ ሲቢ 350 ናት። ይህ ሞዴል የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 ነው። ስሟ 350 ይበል እንጂ ሞተሯ 325 ሲሲ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን፣ ሁለት ካርቡራቶር። እኔ ጋ ስትመጣ ለዓመታት ቆማ ነበር። ጎማዋ ተሰነጣጥቋል፣ ሰንሰለቷ ዝጎ እንደ ዱላ ደርቋል። ሻንሲዋ ደግሞ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ያውም በብሩሽ። የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር ቀለሙ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። የሸጠልኝ ሰው ግን «ሻንሲው ንጹህ ነው፣ ምንም ነክቶት አያውቅም» ነበር ያለኝ።

መፍታቱ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ስለሱ ብዙ አልልም። ፎቶ አነሳሁ፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን። ብሎኖቹን በትንንሽ ላስቲክ ለያይቼ ከየት እንደወጡ ጻፍኩባቸው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች መስቀለኛ ብሎን ተራ ካቻቢቴ አይወድም። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ግን ጂአይኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተሠራ ስለሆነ የመስቀሉ ቅርጽ ይለያል። በተራው ከታገሉት ካቻቢቴው እየዘለለ ጭንቅላቱን ይልጠዋል። ትክክለኛውን ካገኘሁ በኋላ ጫፉን በመዶሻ መታ መታ እያደረግኩ ሁሉንም በሰላም አወጣኋቸው።

ከዚያ ሻንሲው ብቻውን ቀረ። አሁን በምን ልላጠው?

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ያለኝ «አሸዋ አስነፋው» ነው፤ አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ ቀለሙን ማስላጥ ማለት ነው። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን የሚነፋው ነገር በየቀዳዳው ይገባል፣ በብሎን ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቱቦ ውስጥ ይደበቃል። ተደብቃ የቀረች አንዲት ፍሬ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባች ኩሽኔታውን ትበላዋለች። የተራ አሸዋ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ጠንቃቃ ባለሙያዎች እንደ ብርጭቆ ዶቃ ያለ ሌላ ነገር የሚነፉት ለዚህ ነው። እነሱ ጋ መውሰድ እችል ነበር። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። የተነፋ ሻንሲ አንድ ወጥ ግራጫ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ማን ምን እንደቀባው፣ የቱ ጋ እንደተነካካ፣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። እኔ ደግሞ ማየት ፈልጌ ነበር።

ስለዚህ ቀለም የሚያነሳ ኬሚካል መረጥኩ። እዚህም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ድሮ በጣም ይወደድ የነበረው ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ነው። ቀለሙን በደቂቃዎች ያስነሳዋል። ነገር ግን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል። በተዘጋ ክፍል ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የተጠቀምኩት እሱ የሌለበትን፣ እንደ ቅባት ወፍራም የሆነውን ዓይነት ነው። ቀርፋፋ ነው። ወፈር አድርጌ እቀባና እንዳይደርቅ በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ላስቲኩን ስገልጥ ቀለሙ ተሸብሽቦ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ተነስቶ ይጠብቀኛል።

ብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አልነካሁም። የዚያን ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ መርዛማው ብረት ማለቴ ነው። ብናኙ ልብስ ላይ ተቀምጦ ቤት ይገባል፣ ከዚያም ልጆች ጋ ይደርሳል። ማሸት ያለብኝን በውሃ እያረጠብኩ አሸሁ። ፍቅፋቂውን ሰብስቤ በተዘጋ ዕቃ አስቀመጥኩ።

ቀለሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ላይ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ብርማ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር። ጥቁሩ የፋብሪካው ነው። ከሁሉም ቀጭኑ እሱ ነው፣ ከሁሉም የታገለኝም እሱ ነው። ቀዩን የቀባው ሰው ጥንቁቅ ነበር፤ የቱቦዎቹን የውስጥ ጎን ሳይቀር አዳርሷል። ሰማያዊው ግን ቆሻሻና ግራሶ ላይ ነው የተቀባው። ገና ኬሚካሉ ሳይነካው እየተላጠ ይወድቅ ነበር። እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም። ግን የእጃቸውን አመል አወቅኩ።

የሻንሲ ቁጥሩ ጋ ስደርስ መፋቂያውን አስቀመጥኩ። መሪው አንገት ላይ ነው የተመታው። እዚያ ላይ በጥርስ ብሩሽ ብቻ ሠራሁ። ይህ ቁጥር ከተፋቀ ሞተር ሳይክሏ ማን እንደሆነች ማስረዳት አይቻልም። አንዳንድ ሰው ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሞ ቁጥሩን ሲያልፍበት አይቻለሁ። ያናድደኛል።

ባትሪው የሚቀመጥበት ሥር ያለው ብረት በዝገት ተቦርቡሯል። ይህ የድሮ ሞተር ሳይክሎች የተለመደ ቁስል ነው። ከባትሪው የሚወጣው አሲድ መተንፈሻ ቱቦው ሲወልቅ ሻንሲው ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀለሙን ይበላል፣ ከዚያ ብረቱን ይጀምራል። በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። መጀመሪያ አረፋ ወጣው። አረፋው እስኪቆም ቀጠልኩ። የዝገቱን ጥልቀት ለካሁ፤ የሻንሲው ብረት አሁንም ጠንካራ ነው።

ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። መካከለኛው መቆሚያ የሚታሰርበት አጠገብ ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ ብረት አልነበረም። ስቱኮ ነበር፤ ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ የሚያስተካክለው ልስን። ሻንሲ ላይ ስቱኮ! በስፓቱላ ስነካው ተፈንቅሎ ወደቀ። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አየሁ። ጭረት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ቀባሁበት፣ ጠብቄ ጠረግኩት፣ ነጩን ዱቄት ረጨሁበት። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ርዝመቱ የአውራ ጣቴን ያህል ይሆናል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ስንጥቅ ያየ ሰው ነበር። አይቶ ስቱኮ ሞላው፣ በላዩ ቀባበት፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንዲነዳው ሰጠ። የሸጠልኝ ሰው ይሁን ከእሱ በፊት የነበረው፣ ልፈርድ አልችልም። ግን በፍጥነት ላይ እያለ ብረቱ ቢለቅ የሚወድቀው የቀባው ሰው አይደለም።

ሻንሲውን ተሸክሜ ብዙ ዘመን ብየዳ ላይ ያሳለፉ ሰው ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቀለሙን ማን ላጠው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«በእጅህ?»

«አዎ።»

«ደግ አደረግህ። ይሄ እኮ ቀለም ተቀብቶ ቢመጣልኝ እኔም አላየውም ነበር።»

መጀመሪያ በስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በሱ። ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ ነው። ከዚያ መስመሩን ቦይ አድርገው ፈልፍለው በየዱት። ብየዳው ከላይ ብቻ የተለጠፈ ሳይሆን እስከ ሥር የገባ ነው። ሲቀዘቅዝ ዙሪያው ሰማያዊና ወርቃማ ሆነ። ስቱኮ እንዳላደርግበት አደራ አሉኝ። አላደርግም። ብየዳው ይታይ። ተጠግኗል፣ ይህም የሞተር ሳይክሏ ታሪክ ነው።

የቀለሙንም ጉዳይ የወሰነልኝ እሱ ስንጥቅ ነው። ፓውደር ኮት ላስቀባ አስቤ ነበር። ዱቄቱን በኤሌክትሪክ አጣብቀው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ የሚጋግሩት ማለት ነው። ጠንካራ ነው፣ ያምራል። ግን ወፍራም ልብስ ነው። ከሥሩ የሚጀምር ስንጥቅ ቶሎ ላይታይ ይችላል፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ይደፍነዋል። ቀጭን ቀለም እቀባዋለሁ። ያ ቦታ ዳግም ቢከፈት ቀድሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የኋላ ጎማውን የሚይዘውን ፎርኬላ ልጬ፣ በውሃ አጥቤ እንዲሁ አሳደርኩት። ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቀኝ። ራቁት ብረት አንድ ሌሊት እንኳ አይታገሥም። ስለዚህ ዛሬ ሻንሲውን እንዳጠብኩ ወዲያው በጨርቅ አደረቅኩት፣ የፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩበት፣ ዝገት እንዳይዘው ፎስፎሪክ አሲድ በስሱ አሸሁበት። ግራጫ ሆኖ ያድራል ማለት ነው። ጠዋት ቀለል አድርጌ አሽቼ፣ በቲነር ጠርጌ፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን ኢፖክሲ ፕራይመር እጀምራለሁ። ቁጥሩ ላይ አንድ ስስ ንብር ብቻ።

አንድ ቦታ ሳልልጥ ተውኩ። የቤንዚን ታንኩ ከፊት የሚያርፍባቸው ክብ ጎማዎች አሉ፣ መሪው አንገት ግራና ቀኝ። ከኔ በፊት የቀቡት ሁሉ ጎማዎቹን ሳያወልቁ ነው የቀቡት። የግራውን ሳወጣ ከሥሩ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር አገኘሁ። ፀሐይ አላየውም፣ ብሩሽ አልነካውም። መብራት ሳበራበት ፊቴን አየሁበት። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው እንደቀባው ነው ያለው።

ዝገት የለበትም፣ አልተነሳም። መፋቂያውን ይዤ ቆምኩ፣ ከዚያ መለስኩት። አሁን ከመተኛቴ በፊት የወረቀት ፕላስተር ክብ አድርጌ ቆርጬ ለጠፍኩበት። ሁሉም ሲያልቅ ፕላስተሩን አንስቼ ጎማውን እመልስበታለሁ።