የአባቴ ዲከረንስና የእኔ ማስተርስ

በ2011 ክረምት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅሁ። ወዲያው ሁለት በር ተከፈተልኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ የግል ኮሌጅ ማስተርስ እንድማር ተቀበለኝ። ሁለተኛው እዚያው ባሕር ዳር የተገኘ ሥራ ነው፦ ጀማሪ የአይሲቲ ድጋፍ ባለሙያ፣ ደመወዝ 4,600 ብር።

ልቤ ማስተርሱ ላይ ነበር። ገንዘቡ ግን የለም። የመጀመሪያ ዲግሪዬ የወጪ መጋራት ዕዳ ራሱ ገና አልተነካም። እሱስ ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ ቀስ እያለ ይቆረጣል፤ ሥራ ከሌለህ በር አያንኳኳም። የኮሌጅ ክፍያ ግን ሴሚስተር ሲጀመር አምጣ ነው።

ቤተሰቦቼ አዊ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ ናቸው። እዚያ ያኔ የገበሬው ባንክ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ነበር። ችግኙ መጀመሪያ ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። የአባቴ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

«እንሸጠዋለን፤ የጎደለውን ከአጎትህ እበደራለሁ» አለኝ።

አብረን ማሳው ድረስ ሄድን። አባዬ አንዱን ግንድ በሁለት እጁ ጨበጠው። ጣቶቹ ዞረው ተገናኙ። «ቀጭን ነው» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቅ አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እውነቱን ለመናገር ማስተርሱን የፈለግሁት ለእውቀት ብቻ አልነበረም። ሥራ ፍለጋ ፈርቼ ነው። አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሰርቨር ነክተህ ታውቃለህ?» ሲሉኝ «በቲዎሪ» ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። ሁለት ዓመት ጨምሬ ብማርም መልሴ ያው እንዳይሆን ሰጋሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹንም ዞሬ አየሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌክቸረር ለመሆን ማስተርስ ግድ ነው፤ የእኔ ፍላጎት ግን ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ለዚያ የሚጠይቁት «የሠራኸውን አሳየን» ነው።

ሥራውን ያዝኩ። ግብር፣ ጡረታና ወጪ መጋራት ተቆርጦ እጄ የሚገባው 3,200 ብር ገደማ ነበር። የቤት ኪራይ ሲወጣበት ወሩ በሽሮ ነበር የሚያልፈው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት መጎተት ነበር። የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ማሰር የተማርኩት ከአንድ ዲፕሎማ ካለው ልጅ ነው። የሽቦዎቹ ተራ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። አራት ጫፍ አበላሽቼ አምስተኛው ሠራ። ዲግሪዬን ይዤ ስምንት ሽቦ መደርደር አቅቶኝ ነበር እኮ!

ትልቁ ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። የሂሳብ ክፍል ሠራተኛዋን ኮምፒውተር ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳልይዝ ፎርማት አድርጌ ያለውን ሁሉ አጠፋሁት። የሦስት ወር ሰነድ ሄደ። ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ከወረቀት መልሼ ጻፍኩ። አንድም ቀን አልሰደበችኝም፤ ያ የባሰ ነው። እየጻፍኩ ሳለ ግን ሥራዋን አየሁት፤ አንዱን ቁጥር ሦስት መዝገብ ላይ ነው የምትገለብጠው። ማታ ማታ በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል (ፕሮግራም መጻፊያና መረጃ ማስቀመጫ ናቸው) ትንሽ ሲስተም ሠራሁላት። አስቀያሚ ነበር፣ ግን ሠራ።

ሁለተኛውን ሥራ ያገኘሁት ያንን ሲስተም ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ በማሳየት ነው። ደመወዙ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ ላይ የሠራችሁት ነገር በዝርዝር ይጻፍ። የእኔ መጀመሪያ ላይ የሥራ መደቡን ስም ብቻ ይዞ ወጥቶ ለማስተካከል ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

አሁን ማስተርሱን ባሕር ዳር ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ ነው፣ በደመወዜ። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል መግባት ይከብዳል። ከኋላ ወንበር ስንቴ እንዳንቀላፋሁ አልናገርም።

ዲከረንሱስ? እንዳይቆረጥ የለመንኩት እኔ ነበርኩ። ብዙ ሳይቆይ አካባቢውን ያዳረሰው የዛፍ በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ዝገት መሰለ፣ ከዚያ ደረቀ። አባዬ የተረፈውን በጥድፊያ ከሰል አድርጎ በርካሽ ሸጠው። «ያኔ ብትማርበት ኖሮ» አላለኝም። በየወሩ ትንሽ ብር እልክለታለሁ። ባለፈው ስደውል ማሳው ላይ ጤፍ ዘርቶበት እያረመ ነበር።