ቃጫውን ከሐዋሳ ይዤ እሄዳለሁ

በሜሪላንድ የምሠራቸውን ሥዕሎች የሚመለከቱ ሰዎች፣ ከቀለሙና ከወረቀቱ ጋር ሰሌዳው ላይ የተጣበቀው ክር ብዙ ጊዜ ከጆንያ የተመዘዘ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን ሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር ከገበያ የምገዛው የእንሰት ቃጫ ነው።

ያደግሁት እዚሁ ሐዋሳ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ የሲዳማ እናት እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ተቀምጬ እመለከት ነበር። አንድ እግራቸውን አንሥተው ልጣጩን ዘንበል ካለው ሣንቃ ጋር ይጫኑትና በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል፤ ለቆጮ የሚሆነው ከሥር ሲከመር፣ ሣንቃው ላይ ረጅም ነጭ ጭረት ይቀራል። መስመርን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሰው ገላ አሣሣልን፣ ብርሃንና ጥላን፣ ሕትመትን ተማርኩ። እጄን የገራው ያ ጥብቅ ትምህርት ነው። ከሸራ የመውጣት ድፍረትን ግን ከሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ሥራዎች አገኘሁ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የሠሩት ሥራ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ኋላም ቆዳንና ከዛፍ ልጣጭ የሚሠራ ጨርቅን ተጠቅመዋል። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከምኖርበት ሩቅ አይደለም። የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦን እየጎነጎነ ግዙፍ ሰሌዳ የሚሞላው ኤልያስ ስሜም ትዕግሥትን አስተምሮኛል።

ቃጫውን ነክሬ ፈታትቼ በአክሪሊክ ማጣበቂያ ሰሌዳው ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ከላዩ ስስ ወረቀት አለብሰውና ቀጭን ቀለም እደራርብበታለሁ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ክሩ ከሥር ብቅ ይላል።

በስደት አገር አንዲት የጋለሪ ባለቤት ጀበናና ላሊበላ ብጨምርበት ቶሎ እንደሚሸጥ መክራኛለች። አልተቀበልኳትም። አገሬ በሥራዬ ውስጥ የምትኖረው እንደ መታሰቢያ ዕቃ ሆና እንዲሆን አልፈልግም፤ ቃጫው ራሱ የሴቶቹን ጉልበት ይዟል።

ዘንድሮ ገበያ ላይ ሻካራውን ስመርጥ፣ ሻጯ «ልጄ፣ ለገመድ ከሆነ ይኼ አይበጅሽም» አሉኝ። ለሥዕል መሆኑን ስነግራቸው ሥዕሉን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ እኔም ቀጣዩን ትርኢቴን ከሜሪላንድ በፊት ሐዋሳ ላይ ለማሳየት አዳራሽ እያፈላለግሁ ነው።