ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ፦ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ምን ይበላሻል?

ጥር ላይ ሰርጉም ጥምቀቱም ስለሚደራረብ የሰው ሁሉ ስልክ በፎቶ ይሞላል። ስልኩ «ቦታ የለም» ማለት ሲጀምር ፎቶው ወደ ኮምፒውተር ይገባና ከስልኩ ይጠፋል። ከወር በኋላ ለማሳጠብ ሲከፈት ግን ከላይ ሙሽሮቹ፣ ከወገባቸው በታች ግራጫ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ይዛችሁ የትኛውም ኮምፒውተር ቤት ብትገቡ የመጀመሪያው መልስ «ቫይረስ በልቶት ነው» የሚል ነው። ቫይረስ ባልበላውም ይታማል። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ከዚያ ቀላል ነው፤ ፎቶው ተገልብጦ ሳያልቅ ተቋርጧል፣ ዋናው ደግሞ ሳይጣራ ተሰርዟል።

ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ዓይነት በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች በተራ የተጻፈ ነው። መሃል ላይ ከተቆረጠ ኮምፒውተሩ እስከ ደረሰበት ያሳይና የቀረውን ግራጫ ያደርገዋል። የሚያታልለው ትንሿ ምስል ናት። ስልኮች በፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ቅጂ ለብቻ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎልደሩ ውስጥ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ሲከፈት ነው ጉዱ የሚታየው። ስለዚህ በትንንሾቹ ምስሎች ብቻ አይታችሁ «ገብቷል» አትበሉ።

ስልክ ፍላሽ አይደለም። ፍላሽ ስንሰካ ኮምፒውተሩ ማስቀመጫውን ራሱ ያነበዋል። አንድሮይድ ስልክ ሲሰካ ግን ኤምቲፒ በሚባል መንገድ እያንዳንዱን ፋይል ከስልኩ እየጠየቀ ነው የሚቀበለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ። ስልኩ ከተጨናነቀ፣ ኃይል ቆጣቢው ጣልቃ ከገባ ወይም ገመዱ ለቅጽበት ከላላ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዚህ መንገድ ላይ «ከት» ማድረግ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ከት ማለት ኮምፒውተሩ «ደርሶኛል» ባለው ፋይል ልክ ዋናው ከስልኩ ይጠፋል ማለት ነው፤ የደረሰው ደህና ይሁን አይሁን ግን ማንም ከፍቶ አላየም። ሁልጊዜ ኮፒ፣ ከዚያ ማጣራት፣ መሰረዝ መጨረሻ ላይ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ገመዱን እንይ። ለመደበኛ ዩኤስቢ 2 መረጃ የሚያልፍበት ገመድ ውስጡ ቢያንስ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። መንገድ ዳር የሚሸጡ ርካሽ ገመዶች ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ ያላቸው አሉ። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ይሄኛው እንኳ ሐቀኛ ነው፤ ከመጀመሪያው አልሠራም ይላል። አደገኛው አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚተው ነው። እሱን ለመለየት ስልኩን ሰክታችሁ መሰኪያው አጠገብ ገመዱን በቀስታ ወዘወዝ አድርጉት። ዊንዶውስ የመንቀያና የመሰኪያ ድምፁን ካሰማ ያ ገመድ ከዛሬ ጀምሮ የቻርጅ ብቻ ነው። ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ገመድ ምረጡ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን ቀዳዳ ትታችሁ ከኋላ፣ ቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩ፤ የፊተኛው በውስጥ ሽቦ ተራዝሞ የመጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚላላውም እሱ ነው።

አዲስ ገመድም ከላላ ጥፋቱ የስልኩ ቀዳዳ ነው። በበጋው አቧራና በኪስ ብናኝ ይሞላና መሰኪያው እስከ ጥጉ አይገባም። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ጫፍ ከጥጉ ወደ ውጭ ቀስ እያላችሁ ጥረጉት። የተጠቀጠቀ ግራጫ ጥጥ የሚመስል ነገር ይወጣል። መርፌ አይሆንም፤ የውስጡን ንክኪዎች ይቧጭራል፣ ሊያገናኛቸውም ይችላል።

ስለ ብርድ ትንሽ ልበል፣ የአገራችን ነገር ስለሆነ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 በላይ። ብርድ የነካው ባትሪ 20 በመቶ እያሳየ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ጭላዳ ሲያነሳ የዋለ ስልክ እንደገባ ወዲያው ኮምፒውተር ላይ አይሰካም፤ ቤት ውስጥ ይሙቅ፣ ባትሪው ከ50 በመቶ በላይ ይድረስ። ሸዋ ሮቢት ላይ ላላችሁት ይሄ አንቀጽ አይመለከታችሁም።

አሁን ወደ ሥራው። የስልኩን ስክሪን ክፈቱት፤ ከተቆለፈ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሲሰካ ከሚመጣው ማሳወቂያ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። ኃይል ቆጣቢውን አጥፉ። ፎቶዎቹ «ዲሲም» በሚባለው ፎልደር «ካሜራ» ውስጥ ናቸው። ዛሬ ያነሳችሁት ካልታየ ጠፋ ማለት አይደለም፣ የስልኩ ዝርዝር አልታደሰም፤ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። መድረሻው የኮምፒውተሩ የራሱ ሃርድ ዲስክ ይሁን። ከስልክ በቀጥታ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሊላሉ የሚችሉትን መሰኪያዎች ሁለት ማድረግ ነው። 5,000 ፎቶ በአንድ ጊዜ መርጣችሁም አትጎትቱ። ሦስት መቶ አካባቢ ወይም እስከ ሁለት ጊጋ እየከፈላችሁ ውሰዱ፤ ቢቋረጥ የቱ ጋ እንደቀረ ይታወቃል። እየተገለበጠ እያለ ስልኩ ላይ ፎቶ አታንሱ፣ ሁለተኛ ኮፒም አትጀምሩ።

ፍጥነቱን ተመልከቱ። በዩኤስቢ 2 ጤነኛ ገመድ በሰከንድ 20 እስከ 35 ሜጋባይት ይሄዳል፤ 10 ጊጋ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው፣ ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። አንድ ሜጋ ላይ ተጎትቶ ከቀረ አትታገሡት፤ አቁሙና ገመዱን ወይም ቀዳዳውን ቀይሩ።

ማጣራቱ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። መጀመሪያ ቁጥር፦ በሁለቱም በኩል ሁሉንም ምረጡና ከታች የሚታየውን የፋይል ብዛት አስተያዩ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ በመጠን ደርድሩ፣ ትንሹ ከላይ። የስልክ ፎቶ እንደ ካሜራው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሜጋ ነው፤ ዜሮ ኪሎባይት ወይም ከጎረቤቶቹ እጅግ ያነሰ ካለ እሱን ክፈቱት። ከዚያ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ኮፒው እንዳለቀ ወዲያው ፎቶውን ብትከፍቱት ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ገና የያዘውን ነው። ዲስኩ ላይ በትክክል ይረፍ አይረፍ በዚህ አይታወቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በደንቡ ዘግታችሁ እንደገና አስነሱት፣ ከዚያ ክፈቱና በቀስት ቁልፉ አንድ በአንድ አሳልፉ። ፍላሽ ከሆነ በ«ኢጀክት» አውጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

መብራት የሚጎዳውም እዚሁ ጋ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ኮፒው «መቶ በመቶ» ብሎ በጨረሰ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መብራት ቢሄድ፣ ዊንዶውስ የፋይሉን ስምና መጠን መዝግቦ ይዘቱን ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል። ሲታይ አራት ሜጋ ነው፣ ሲከፈት ግን ውስጡ ዜሮ ብቻ፤ መጠን ብቻ አይቶ ማመን የማይበቃው ለዚህ ነው። ለዚህ ሥራ ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ከአዲስ ዴስክቶፕ ይሻላል።

ምንም ጥርጣሬ እንዳይቀር የሚፈልግ፣ ለምሳሌ የሰው ሰርግ የያዘ፣ ፎቶዎቹን ስልኩ ላይ እያሉ በዚፕ፣ ማለትም ወደ አንድ ፋይል፣ ያሽጋቸው። የብዙ ስልኮች ፋይል ማኔጀር «ኮምፕረስ» የሚል አለው፣ ከሌለው ዚአርካይቨር የሚባለው አፕ ይሠራዋል። ዚፑን ገልብጡና ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ካስነሳችሁ በኋላ ዚፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ በሰቨን ዚፕ ፕሮግራም «ቴስት» በሉት። ዚፕ የእያንዳንዱን ፋይል ማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ አንዲት ባይት ብትቀየር እንኳ ስህተት ብሎ ይጮሃል። ጉዳቱ ስልኩ ላይ የፎቶዎቹን ያህል ባዶ ቦታ መፈለጉ ነው፤ ከጠበበ በትንሽ በትንሹ አሽጉ። ወደ ፍላሽ የሚሄድ ከሆነ አንዱ ዚፕ ከአራት ጊጋ አይብለጥ፤ ብዙ ፍላሾች የሚመጡበት ፋት 32 የሚባለው የፋይል አደረጃጀት ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

አይፎን የራሱ ጠባይ አለው። በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ፎቶን ኤች ኢ አይ ሲ በሚባል ዓይነት ያስቀምጣል። ፎቶው ዊንዶውስ ላይ አልከፈት ሲል ተበላሸ ይባላል፤ የጎደለው ግን ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርደው ማንበቢያ ነው። ኮፒ መሃል ላይ «መሣሪያው እየሠራ አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት እየመጣ ከተቋረጠ ደግሞ ስልኩ እየገለበጠ በዚያው ወደ ጄፔግ ሲቀይር ተደናቅፎ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ፎቶስ» ግቡና ከታች «ኪፕ ኦሪጅናልስ» የሚለውን ምረጡ። እዚያው «ኦፕቲማይዝ» የሚለው በርቶ ከሆነ ሙሉው ፎቶ አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ ያለው ትንሹ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በቴሌግራም መላክስ? በተለመደው መንገድ ከተላከ አይበላሽም፣ ግን ይኮሰምናል። 12 ሜጋፒክስል የሆነ ባለ 4,000 በ3,000 ፎቶ ወደ 1,280 በ960 ይወርዳል፤ ከነበረው አንድ አሥረኛ ገደማ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፍሬም አይታሰብም። «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል፣ አንዱ ፋይል እስከ ሁለት ጊጋ ይፈቀዳል። የሚከብደው የዳታ ዋጋው ነው።

ሚሞሪ ካርድ ላይ ቫይረሱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካርዱ የሕዝብ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ፎቶዎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው ላይሆን ይችላል፤ ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ካርዱንም ፎርማት አታድርጉ፣ ዊንዶውስ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ሌላው ፌክ ካርድ ነው፤ ላዩ ላይ 512 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ። ያ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም ጭራሽ ሳይጽፍ ጽፌያለሁ ይላል። ባዶ ካርድ ገዝታችሁ ፎቶ ሳታስገቡ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ሞልታችሁ አስፈትኑት።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ፣ ዋናው ስልኩ ላይ ካለ እንደገና መገልበጥ ነው። ከተሰረዘ የጋለሪውን ቆሻሻ ቅርጫት እዩ፤ አይፎን 30 ቀን ያቆያል፣ ጉግል ፎቶስ ባካፕ የተደረገውን 60 ቀን፣ ያልተደረገውን 30። ከዚያ ካለፈ በስልኩ የውስጥ ማስቀመጫ ላይ ተስፋው ጠባብ ነው፤ «የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን» የሚሉት አፖች የሚያወጡት አብዛኛው ትንንሾቹን ምስሎች ነው። ግራጫው ግማሽም በየትኛውም ማስተካከያ አይመለስም፣ የሌለ ነገር ስለሆነ። ሚሞሪ ካርድ ከሆነ ግን ምንም ሳትጽፉበት አውጡትና ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈልጉ። የተገኘውን ወደዚያው ካርድ ሳይሆን ወደ ሌላ ዲስክ አስቀምጡ። የፋይሎቹ ስም ስለሚጠፋ «የተነሳበት ቀን» በሚለው ደርድሩ፤ ቀኑ በፈረንጅ ነው፣ የ2017 ጥምቀትን የሚፈልግ 2025 ጃንዋሪ 19 ላይ ያገኘዋል።