መጋጠሚያው የት ይደበቅ? ከሰርግ ካርድ ቁርጥራጭ ቤት ስሠራ

የጀመርኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ለጥር ሰርግ ካርድ ስታትም ትሰነብታለች። አንድ ቀን በበሯ ሳልፍ ማዳበሪያ ሙሉ የካርድ ቁርጥራጭ ተቀምጦ አየሁ። ነጭ፣ ክሬም፣ ወርቃማ ነው። ወፍራም ነው፣ አልተጨማደደም። ጠርዙ በማሽን ስለተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲጣል ማየት አልቻልኩም። ገባሁና ቆራጩን ጠየቅኩ።

«ውሰጂው ልጄ። ለእሳት ማያያዣ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ቤት ልሠራበት ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አንስተው በቁመቱ ጎንበስ አደረጉት። ቀጥለው በወርዱ። «በዚህ በኩል እሺ ይላል፣ በዚህ በኩል ይከለክላል፣ አየሽ? ወረቀት እንደ እንጨት ነው፤ ጅማት አለው። ከጅማቱ ጋር እጠፊው።» ካርድ ለሚያጥፍ ሰው እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ምክር አልሰማሁም። ከጅማቱ ጋር የታጠፈ ካርድ መስመሩ ንጹሕ ነው። ጅማቱን አቋርጦ የታጠፈው ይሰነጠቃል፤ በተለይ ወርቃማው ቀለሙ ተልጦ ነጩ ይወጣል። አሁን እቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው እያንዳንዱን ቁራጭ አጎንብሼ ማየትና በጀርባው በእርሳስ ቀስት ማስመር ነው።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። መቀስ፣ ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ። ኮላውን የምቀባው በስቴክኒ ነው፤ ከበዛ ካርዱ ይርሳል፣ ይጣመማል። የማጥፊያውን መስመር የማሰምረው ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ነው። ማስመሪያውን ይዤ ጫን አድርጌ አንዴ ስስበው ወረቀቱ ሳይቆረጥ ጎድጎድ ይላል። አንጸባራቂው ካርድ ላይ ኮላ አይዝም። እሱን የሚጣበቅበት ቦታ ላይ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጌ አሸዋለሁ።

ትልቁ ችግሬ መጠን ነበር። ከሰርግ ካርድ የሚተርፈው አብዛኛው ጠባብ ነው። ከ15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ማግኘት ዕድል ነው። ስለዚህ የምሠራው ሁሉ መቀጣጠል አለበት። መቀጣጠል ካለበት ደግሞ መጋጠሚያው ይታያል። አምስት ወር ሙሉ ስታገል የቆየሁት ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ ጎጆ ሠራሁ። ግድግዳው ቀላል ነው። ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክብ ቤት 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ሁለት ቁራጭ ቀጠልኩ፣ አንዱን መጋጠሚያ በሩ ላይ አዋልኩት። ጅማቱ ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ ካደረጋችሁ ካርዱ በራሱ ፈቃድ ይጠቀለላል።

ጣሪያው ነው ያስቸገረኝ። ክብ ቆርጦ የተወሰነውን አውጥቶ ማጠፍ ነው፤ ግን ምን ያህሉን? መጀመሪያ ስድስተኛውን ብቻ አወጣሁ። ጣሪያው ዝርግ ሆነ፤ ዝናብ የሚያወርድ አይመስልም። ቀጥሎ ሩቡን አወጣሁ። ከጉልላቱ እስከ ጠርዙ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሩቡ ሲወጣ የጣሪያው ወርድ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከግድግዳው ዙሪያውን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ያኔ የማውቀው ጎጆ ሆነ።

ግን 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የሚወጣበት ቁራጭ አልነበረኝም። ሦስት ሩብ ክቦች ቆርጬ ገጣጠምኩ። ሦስት መጋጠሚያ ጣሪያው ላይ ተጋደመ፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። የዳነው በሣሩ ነው። ለምንም የማይሆኑትን አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ጭረቶች አንዱን ጎን በመቀስ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰነጣጠቅኩና ከጠርዙ ጀምሬ ወደ ላይ ደረብኳቸው። ሣር የሚከድን ሰውም ከታች ነው የሚጀምረው፤ የላይኛው የታችኛውን ራስ እንዲሸፍን። ሦስቱ ሩቦች አናት ላይ የሚገናኙበት ቀዳዳ ደግሞ በጉልላቱ ተሸፈነ።

ከዚያ የአክሱምን ሐውልት ለመሥራት ተነሣሁ። ከሮም የተመለሰውን ነው የመረጥኩት። ቁመቱ 24 ሜትር ነው። አንድ ሜትሩን በአንድ ሴንቲ ሜትር ሳደርገው 24 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከቁራጭ አይወጣም። እውነተኛው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሲመለስ በሦስት ቁራጭ ነበር የመጣው፤ በ2000 ዓ.ም. ነው ገጥመው ያቆሙት። ይህን ሳስታውስ ደስ አለኝ። እኔም በሦስት ከፈልኩት።

መጀመሪያ ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ሣልኩ። ይህ ስሕተት ነበር። ሐውልቱ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ክፍሎቹ ለየብቻ ሲሣሉ የጎኑ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ይሰበራል። ሳቆመው ጎኑ ላይ ደረጃ ሠራ። ሁለተኛ ጊዜ ሙሉውን ፊት በጋዜጣ ላይ በ24 ሴንቲ ሜትር ሣልኩ፣ ከዚያ ጋዜጣውን ሦስት ቦታ ቆርጬ እሱን ናሙና አደረግኩ። መስመሩ ቀጥ አለ። በውስጥ በኩል ደግሞ ከሁለቱም ክፍል ውስጥ የሚገባ ጠባብ ሳጥን አደረግኩበት፤ ያለ እሱ ይወዛወዛል።

መጋጠሚያውስ? ሐውልቱ ራሱ መልስ አለው። ባለ ፎቅ ቤት መስሎ ነው የተቀረጸው፤ ታች በር፣ ላይ መስኮት፣ በፎቆቹ መካከል የወጡ የእንጨት ራሶች። የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ናቸው። ጋዜጣውን የቆረጥኩት ፎቅ ከፎቅ በሚለይበት መስመር ላይ ነው። ከዚያ በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን ጭረት ዞርኩበት፣ በጭረቱ ላይ ራሶቹን ደረደርኩ። ለራሶቹ የቢሮ ወረቀት መብሻ የሚጥለውን ክብ ሞክሬ ነበር፤ ለዚህ መጠን በጣም ትልቅ ነው። ወፍራሙን ካርድ ጥቃቅን አድርጌ በመቀስ ቆረጥኩ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ያን ቅዳሜ ግን እወደዋለሁ።

ከሁሉ የኮራሁበት የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። ከላይ ሲታይ መስቀል ስለሆነ ከባድ ይመስላል። ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ግን ግድግዳው 12 ጎን ነው፤ 8 ወደ ውጭ የወጣ ማዕዘን፣ 4 ወደ ውስጥ የገባ። ስፋቱን 12 ሴንቲ ሜትር ካደረግኩት እያንዳንዱ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 48። እንዲህ ያለ ረጅም ቁራጭ የለኝም። የመስቀሉ አንድ ክንድ ግን ሦስት ጎን ብቻ ነው፤ 12 ሴንቲ ሜትር። ያ አለኝ! አራት ክንድ፣ አራት ቁራጭ። የሚገናኙትም ወደ ውስጥ በገቡት አራት ማዕዘኖች ላይ ነው። እዚያ ጥላ አለ። ለማጣበቂያ ጠርዙ ላይ የተውኩትን ምላስ ከውስጥ አጣብቄ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው መጋጠሚያው የት እንዳለ ራሴም ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ለጣሪያው አንዱ ካንዱ የሚያንሱ ሦስት መስቀሎችን ደረብኩ። መሠረቱ ደረጃ አለው፤ እሱንም በድርብርብ ካርድ ሠራሁት።

ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ግን ደስ አላለኝም። ሁሉ ነገር ልክ ነው፣ ቤተ ጊዮርጊስን ግን አይመስልም። ሁለት ቀን ሳስብ ቆየሁና ገባኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለቱ ወደ ታች እየተፈለፈለ ስለወጣ መሬት ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው። እኔ ከመሬት በላይ አቁሜዋለሁ። ካርቶን ፈልጌ ጉድጓድ ሠራሁለት፣ አፉ ከጣሪያው ጋር እኩል እንዲሆን። ወደ ውስጥ አውርጄው ከላይ ቆሜ አየሁት። እናቴ ከጓዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ምንም አላለችም፤ አማተበች።

አሁን ያለሁት ጎንደር ነው። የፋሲል ግንብ አራት ማማዎች አናታቸው ክብ ጉልላት ነው። ካርድ በአንድ በኩል ይጠቀለላል እንጂ በሁለት በኩል አንዴ አይጎብጥም። ስለዚህ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በቅጠል መቁረጥ ግድ ነው። ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጉልላት 8 ቅጠል ቆርጫለሁ፤ የእያንዳንዱ ወርድ ታች 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አናቱ ላይ ይጋጠማሉ፣ ወገባቸው ላይ ግን ይከፈታሉ። ጎናቸው ቀጥ ያለ ሳይሆን ትንሽ ሆዳም መሆን እንዳለበት ትናንት ማታ ገብቶኛል። ለመጋጠሚያዎቹ ግን ገና መደበቂያ አላገኘሁም። እዚህ ጥላም የለ፣ ሣርም የለ። ጉልላት የሠራችሁ ካላችሁ በስንት ቅጠል እንደሠራችሁት ንገሩኝ። እኔ ዛሬ ማታ በ12 እሞክረዋለሁ።