ጊዜያዊ ክራውንና ብሪጅ ስሠራ ዓይኔ ድዱ ላይ ነው

ጊዜያዊ ክራውን፣ ማለትም ዋናው ክራውን (የጥርስ ሽፋን) እስኪደርስ የተሞረደውን ጥርስ የሚሸፍነው፣ በጥድፊያ የሚሠራበት ምክንያት ይገባኛል። ጥርሱ ተሞርዷል። ለዋናው ክራውን ልኬቱ (የጥርሱ ሻጋታ) ተወስዷል። ታካሚው አፉን ከፍቶ ደክሞታል፣ ማደንዘዣውም ሊለቅ ነው። «ለሁለት ሳምንት እኮ ነው» ይባልና እንደ ነገሩ ተሠርቶ ይለጠፋል። እኔ ግን ዋናው ክራውን በሰላም መግባቱ የሚወሰነው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው ባይ ነኝ።

የተሞረደ ጥርስ ኢናሜሉን (ጠንካራ የውጭ ሽፋኑን) አጥቷል፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ተገልጧል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያማል፣ ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል። ደግሞ ጥርስ ባለበት አይቆምም። ጎኑ ክፍት ከሆነ ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል። ከፊት ለፊቱ የሚገጥመው ጥርስም የሚነክሰው ሲያጣ ቦታውን ለቆ ይመጣል። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። የጥርስ ላብራቶሪው (ላብ) ሠርቶ የላከው ክራውን ሲመጣ ግን አልገባም ይላል። ከሁሉም የሚብሰው ድዱ ነው። ጠርዙ ሻካራ ወይም ትርፍ ያለው ጊዜያዊ ክራውን ድዱን ያሳብጠዋል። ያበጠ ድድ ሲነኩት ይደማል። በደም መሀል ጥሩ ልኬት መውሰድም ሆነ ዋናውን ክራውን በደንብ መለጠፍ ጭንቅ ነው።

ሥራውን የምጀምረው ጥርሱን ከመሞረዴ በፊት ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ እያለ ልኬት እወስዳለሁ፤ ከሞረድኩ በኋላ ያንኑ ልኬት ሞልቼ ጥርሱ ላይ ስመልሰው ጊዜያዊው የቀድሞውን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ከተሰበረ መጀመሪያ የጎደለውን በሰም ሞልቼ ቅርጽ አስይዘዋለሁ። ለብሪጅ፣ ማለትም የጎደለውን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ ለሚተካው፣ ሲሆን ባዶው ቦታ ላይ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የምንጠቀምበትን የፕላስቲክ ጥርስ በሰም አቆማለሁ፤ ከዚያ ልኬቱን እወስዳለሁ። ለአንድ ጥርስ አልጂኔት (በውሃ የሚበጠበጥ የልኬት ዱቄት) ይበቃል፣ ርካሽም ነው። ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል። ስለዚህ እስክሞርድ ድረስ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ አቆየዋለሁ። ለብሪጅ ግን እንደ ሊጥ የሚለወሰውን የሲሊኮን ፑቲ እመርጣለሁ።

አንድ የጥርስ ቴክኒሻን ያሳየኝ ነገር ሥራዬን አቅልሎልኛል። በልኬቱ ውስጥ፣ በጥርስና በጥርስ መሀል የቆሙትን ቀጫጭን ግድግዳዎች በስለት ቆርጦ ማንሳት ነው። ካልተነሱ ልኬቱ ተመልሶ አፍ ውስጥ ሲገባ በትክክል አይቀመጥም። በድዱ ጠርዝ በኩልም ከውስጥ ትንሽ እፍቃለሁ። ያኔ የጊዜያዊው ጠርዝ ወፈር ብሎ ይወጣል። ትርፉን መሞረድ ይቻላል፤ የሳሳ ጠርዝ ግን ይሰበራል።

የምንሠራበት ነገር በሁለት ይከፈላል። አንዱ ዱቄትና ፈሳሹ የሚደባለቀው አክሪሊክ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲወለወል ያምራል፣ የጎደለውንም መጨመር ይቻላል። ችግሩ ሽታው፣ ሲደርቅ መኮማተሩና ሙቀቱ ነው። ሙቀቱን አቅልላችሁ አትዩት። በ1965 ዛክና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች የጦጣ ጥርስ ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። በጥርሱ ውስጥ ያለው ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶ ያህሉ ነርቫቸው ሞቷል። ሁለተኛው በካርትሪጅ የሚመጣውና ሽጉጥ በሚመስል መሣሪያ የሚጨመቀው ቢስ-አክሪል ነው። ሙቀቱም መኮማተሩም ያንሳል፣ አያሸትም፣ ሥራውም ፈጣን ነው። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ ባሕሪውም ተሰባሪ ነው። እኔ ነርቩ ሕያው ለሆነ ነጠላ ጥርስ ቢስ-አክሪል እመርጣለሁ። ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ብሪጅ አክሪሊኩን እይዛለሁ። ብሪጁ ረዘም ካለም ውስጡ ሽቦ እቀብራለሁ።

ልኬቱን ከመሙላቴ በፊት የተሞረደውን ጥርስ ቫዝሊን እቀባለሁ። በተለይ ጥርሱ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) የተሞላ ከሆነ ይህ አይታለፍም፤ ያልተቀባ ኮምፖዚት ጊዜያዊው ላይ ይጣበቃል። ስሞላ ከታች እጀምራለሁ። የሽጉጡን ጫፍ ከውስጥ ሳላወጣ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እመጣለሁ። ካወጡት አየር ይገባና ቀዳዳ ይተዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደቂቃ ወሳኝ ነው። ከተረፈው ላይ ትንሽ ድቡልቡል በጣቶቼ መሀል ይዤ እየተጫንኩ አየዋለሁ። እንደ ጎማ መለጠጥ ሲጀምር ማውጫው ደርሷል ማለት ነው። እንዲያውም ትንሽ እቀድማለሁ። አፍ ከእጅ ይሞቃል፣ ስለዚህ አፍ ውስጥ ያለው ቀድሞ ይደርቃል። አክሪሊክ ከሆነ አውጥቼ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ አወጣዋለሁ። እንዲህ እያወጡ እየመለሱ ማድረቅ ነርቩን ከሙቀት ያድናል። ጊዜያዊውም የጎረቤት ጥርስ ሥር ገብቶ እንዳይቆለፍ ይረዳል። ከተቆለፈ ቆርጦ ከማውጣት ሌላ መላ የለውም።

አሁን ጠርዙ። ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ጊዜያዊውን መብራት ሥር ይዤ የጥርሱ ጠርዝ ውስጡ ላይ የተወውን መስመር እፈልጋለሁ። በደንብ በተቀረጸ እርሳስ አሰምረዋለሁ። ከዚያ ከውጭ በኩል በዲስክ እስከ መስመሩ ድረስ እሞርዳለሁ፤ መስመሩን አላልፍም። ያጠረበት ቦታ ካለ ቀጭን ብሩሽ ፈሳሹ ውስጥ ነክሬ ዱቄቱን አስነካለሁ። ጫፉ ላይ የምታንጠለጠለውን ጠብታ ጠርዙ ላይ አስቀምጬ ጥርሱ ላይ እመልሰዋለሁ። ቢስ-አክሪል ከሆነ በፈሳሽ ኮምፖዚት እሞላዋለሁ። መጨረሻ ላይ የመመርመሪያውን ሹል ጫፍ በሁለቱም አቅጣጫ እነዳዋለሁ። ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ስሄድ ከያዘኝ ጊዜያዊው ትርፍ አለው። ከጫፉ ወደ ድዱ ስመጣ ከያዘኝ አጥሯል። ዓይን ያልፈዋል፣ ሹሉ ጫፍ ግን አያልፈውም።

ብሪጅ ላይ ደግሞ ሌላ ትግል አለ። ጥርሶቹን የሚያያይዘው መገናኛ ከሳሳ ይሰበራል። ወደ ድዱ ከወፈረ ደግሞ በጥርሶቹ መሀል ያለውን ድድ ይጨፈልቀዋል፣ ማጽጃም ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ የማወፍረው ወደ ምላስ በኩልና ወደ መንከሻው ነው። ባዶውን ቦታ የሚሞላው ጥርስ ሥሩ ክብ፣ ለስላሳና የተወለወለ መሆን አለበት። ሳስገባው ድዱ ነጭ ከሆነ ተጭኖታል ማለት ነው፣ እቀንሰዋለሁ።

የፊት ጥርስ ሲሆን ጊዜያዊው መለማመጃም ነው። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይመጣሉ። ለዓመታት አፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ የሳቁ አሉ። ቅርጹንና ቀለሙን መጀመሪያ በጊዜያዊው ያዩታል። እኔ «ፋሲካ» በሉ እላቸዋለሁ። «ፋ» ሲሉ የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር በስሱ መንካት አለበት። ከረዘመ ከንፈሩ ላይ ይቀመጣል፣ ካጠረ ድምፁ ይበላሻል። የተስተካከለውን ልኬት ወስጄ ለላብ እልካለሁ።

ለመለጠፍ ጊዜያዊ ሲሚንቶ በቂ ነው። ዋናው ክራውን በሬዚን (ፕላስቲክ ነክ) ሲሚንቶ የሚለጠፍ ከሆነ ዩጂኖል (የቅርንፉድ ዘይት ንጥረ ነገር) የሌለውን እመርጣለሁ፤ ዩጂኖል የሬዚኑን መድረቅ ያደናቅፋል። ጊዜያዊውን በሲሚንቶ አልሞላውም፣ ጠርዙን ከውስጥ በስሱ እቀባዋለሁ። ውጪውን ቫዝሊን ስለምቀባው ትርፉ ቶሎ ይለቃል። በብሪጁ ሥር ደግሞ የጥርስ ክር ቋጥሬ አሳልፋለሁ፤ ቋጠሮው የተደበቀውን ሲሚንቶ ይዞ ይወጣል። ድድ ውስጥ የቀረች ትንሽ ፍርፋሪ ያን ሁሉ የጠርዝ ልፋት መና ታስቀራለች።

ታካሚው ከመሄዱ በፊት የምንነጋገረው አለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ማስቲካ በዚያ በኩል አይታኘኩም። በጾም ሰውን ከቆሎ ማላቀቅ ከባድ ነው፣ ስለዚህ «በሌላው በኩል» እላለሁ። የአልጫው እርድ አክሪሊኩን ቢጫ ሊያደርገው እንደሚችልም ቀድሜ እናገራለሁ። መፋቂያ የሚወድ መፋቂያውን አይተው፤ ጫፉን አለስልሶ ድዱ አጠገብ በቀስታ ይጠቀምበት። የጥርስ ክሩን ግን ወደ ላይ አይመንጭቁት፣ በጎን በኩል ያውጡት። ከወለቀም ሱፐር ግሉ አይነካም፤ ይዞ መምጣት ብቻ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የማይመለሱት ናቸው። ጊዜያዊው ደህና ሲሆን ሰው ይረካል። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይኸው ይበቃኛል፣ ለምን ደግሞ ታደክሚኛለሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ ይሄ ሲሚንቶ ይሟሟል፣ ምራቅ ይገባበታል፣ ከሥር ያለው ጥርስ ሳያምዎ ይበሰብሳል» አልኳቸው። የሥር ሕክምና የተደረገለት ጥርስ ስለነበር እውነትም አያማቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮውን የምይዘው ወንበሩ ላይ እያሉ ነው። የዋናውን ክራውን ዋጋም ከጊዜያዊው ለይቼ አልናገርም፤ አንድ ሥራ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ፑቲውንም አልጥለውም። የካርድ ቁጥሩን ጽፌበት ዋናው ብሪጅ እስኪለጠፍ ድረስ አስቀምጠዋለሁ። ጊዜያዊው መሀል ላይ ቢሰበር ያንኑ ፑቲ ሞልቼ በዚያው ቀጠሮ ሌላ እሠራለሁ።