ለሳኒ ታላቅ ወንድም ፍለጋ

እናቴ ወፍ እንደማሳድግ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» ስል፣ «ወፍ ለማሳደግ ነው አሜሪካ የሄድሽው?» አለችኝ። «እዚህ ዛፉ ላይ በነፃ ሞልቶልሽ!»

አልተሳሳተችም። ያደግኩት ጉለሌ ነው። ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጥዶች አሉ። ጠዋት ጠዋት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች እየተንጫጩ መጥተው የጥዱን ፍሬ ይለቅማሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ጥቁር ነው፤ ወንዶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር የትም እንደማይፈጠሩ ያወቅኩት ግን እዚህ ቨርጂኒያ ተቀምጬ ነው። እዚያ እያለሁ ወፍ ነበሩ፣ በቃ።

ወፌን ሳኒን ያገኘሁት በሥራ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሆም ኬር እሠራለሁ። ሦስት ዓመት የተንከባከብኳቸው እናት ነርሲንግ ሆም ሲገቡ ወፍ ይዞ መግባት አይቻልም ተባለ። ልጃቸው ኬጁን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመና አየኝ። እኔም ኬጁን አየሁት። አለቀ፣ ወሰድኩት።

ሳኒ ኮካቲል የሚባል ትንሽ በቀቀን ነው። ዘሩ ከአውስትራሊያ ነው። ገላው ግራጫ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጉንጩ ላይ ሩዥ የተቀባ ይመስል ብርቱካናማ ክብ አለው። አናቱ ላይ ያለችው ቁንጮ ሲደነግጥ ቀጥ ትላለች፣ ሲረጋጋ ትተኛለች። ክብደቱ 90 ግራም። ችግሩ እኔ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ፣ መሥራቴ ነው። በሩን ስቆልፍ ያፏጫል። ሊፍቱ ጋ ስደርስም ይሰማኛል። ሊፍቱ ውስጥ ገብቼም የሚሰማኝ ይመስለኛል።

እናም ታላቅ ወንድም አሰብኩለት። እኛ ቤት ታላቅ ያለው ልጅ ብቻውን አይቀርም፤ ታላቅየው እየቆነጠጠም ቢሆን ያሳድገዋል። አንድ ትልቅ፣ ረጋ ያለ በቀቀን ባመጣለት እኔ እስክመለስ ይጠብቀዋል ብዬ ነው። የወፍ ሐኪሙ «ጓደኛ ካስፈለገው እንደ ራሱ ያለ ኮካቲል ይሻላል» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። እውነቱን ለመናገር ኮካቲል ብዙ አያወራም፤ እኔ ደግሞ የሚያወራ ፈልጌ ነበር።

መጀመሪያ ማካው የሚባለውን ትልቅ በቀቀን አየሁ። ኮካቲል ከላባው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ብናኝ ያራግፋል፤ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ከነካሁት ዳቦ ጋጋሪ ነው የምመስለው። የማካው ሳንባ ይህን ብናኝ አይወድም፤ አብረው አንድ ቤት ቢኖሩ ሊታመም ይችላል። ተውኩት። ኮካቱ የሚባለው ሌላው በቀቀን ሲጮህ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል፣ እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ። ልቤን የወሰደው የሴኔጋል በቀቀን ነበር። አገራችን ብቻ የሚገኘው ባለቢጫ ፊቱ በቀቀን ዘመዱ ስለሆነ የአገር ልጅ ያገኘሁ መሰለኝ። ግን አንድ ሰው መርጦ ሌላውን ሁሉ ይነክሳል ብለው ያሙታል። የአገር ልጅ ነው ብዬ የገባሁበት ስንት ነገር አለ፤ እሱንም ተውኩት።

የቀረው አፍሪካን ግሬይ ነው። ግራጫ ሆኖ ጅራቱ ቀይ፣ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚመዝን፣ በንግግር የሚስተካከለው የሌለ። ተመራማሪዋ ዶክተር አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ከአንድ ሱቅ የገዙትና አሌክስ ያሉት ወፍ እስከሞተበት እስከ 2007 ድረስ ከ100 በላይ ቃላት ያውቅ፣ ቀለምና ቅርጽ ይለይ፣ ይቆጥርም ነበር። ከጫካ የተያዘ ግሬይ አገር አቋርጦ እንዳይነገድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የሚሸጠው ሰው እጅ የተፈለፈለው ነው። ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ዋጋ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነው። ስለዚህ ባለቤት ያጡ ወፎችን የሚያሳድር ቤት ሄድኩ።

ፎርሙ ከአሳይለም ፎርም አይተናነስም። እዚያ በፈቃደኝነት የሚሠሩ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አንዲት ሴት ግሬይ አሳዩኝ። ሩቢ ትባላለች፣ 19 ዓመቷ ነው። ከዚያ «አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ። 41 አልኳቸው። ግሬይ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ሴትዮዋ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ደመሩ፤ እኔም በልቤ ደመርኩ። «ከአንቺ በኋላ ማን ይወስዳታል? ስም ጻፊ» አሉና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ አገር። ለሆስፒታልም ለሥራም «ድንገት ቢደርስባት የሚጠራ» የሚለው ቦታ ላይ የምጽፈው ዴንቨር ያለችውን የአክስቴን ልጅ ነው። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ደወልኩላት። «ውርስ አለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ወፍ ነው ስላት ይበልጥ ሳቀች። ቆይታ ግን «ጻፊኝ በቃ፣ እኔን ብትቀድሚኝ ነው» አለች።

ቀጥሎ ሴትዮዋ ቤቴን ሊያዩ መጡ። ሳሎኑን ቶሎ ጨረሱ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ቆዩ። ምግብ የማይዙትን፣ ቴፍሎን የተቀቡትን መጥበሻዎች አንድ በአንድ አወጡ። ቴፍሎን ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ለሰው አይታወቅም፤ ወፍን ግን በደቂቃዎች ይገድላል። የእንጀራ ምጣዴን አዩ፣ እሱም የማይዝ ነው። ወሩን ሙሉ እንጀራ ከሱቅ ገዛሁ። ከዚያ የቡና መቁያውን አንስተው «ይሄስ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ቡናው ሲቆላ ጭሱ ቤቱን እንደሚሞላ፣ እንዲያውም ጭሱን ለእንግዳ በእጅ እየገፋን እንደምናሸት፣ ከዚያ ዕጣን እንደሚጨስ። ሴትዮዋ ዐይናቸውን ጨፈኑ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። እኔ ለካ ሳኒን እሑድ እሑድ ሳጥነው ኖሬያለሁ! አሁን ቡናዬን ጓደኛዬ ቤት ቆልቼ ነው የምመጣው። ጓደኛዬ እኔ ቤት ስትመጣ «የሐበሻ ቤት ሽታ የለውም» እያለች ታሸተዋለች።

ሩቢ 45 ቀን መኝታ ቤቴ ውስጥ በር ተዘግቶባት ቆየች። በሽታ ይዛ ከሆነ ለሳኒ እንዳታጋባ ነው። ከዚያ ወደ ሳሎን አወጣኋትና ኬጆቹን ትይዩ አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሰላም ነበር። እኔም ነገሩ አማረ ብዬ እናቴን «ታላቅ እህት አገኘ» አልኳት።

አንድ ማክሰኞ ሳኒን ክንፉን እንዲያፍታታ ለቀቅኩት። ዞሮ ዞሮ ሩቢ ኬጅ አናት ላይ አረፈ። እኔ ስልክ ይዣለሁ። ድምፅ ሰማሁ፤ የእሱ ጩኸት እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፣ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሩቢ በሽቦው መሀል የእግሩን ጣት ይዛዋለች። ሳስለቅቀው ነጩ ግድግዳ ላይ ደም ተረጭቷል። የ90 ግራም ወፍ ጠቅላላ ደሙ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። እጄ የገባልኝ የጤፍ ዱቄት ነበር፤ አፈሰስኩበትና በጨርቅ ያዝኩት። በመኪና ውስጥ ልቡ መዳፌ ላይ እንደ ስልክ ይርገበገብ ነበር።

ሐኪሙ ቡናማውን ዱቄት አይቶ ምንነቱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዱቄት ማድረጌ ጥሩ ነው አለኝ። የጣቱን ጫፍ ግን ማዳን አልቻለም። 380 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። በሩቢ ልናደድ ፈለግኩ፤ ግን ምን አጠፋች? ቤቷ ላይ የወጣ እንግዳ ነው የነከሰችው። ታላቅ እህት ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ እሷ አልፈረመችም።

ሁለቱን አብሬ ለቅቄ አላውቅም ከዚያ ወዲህ። ኬጆቹ በሳሎኑ ሁለት ጫፍ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይዘጋበታል። ሥራው በእጥፍ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሳኒ ግን በሩን ስቆልፍ ማፏጨቱን ቀንሷል። ከወዲያ ሲያፏጭ ሩቢ ያንኑ ዜማ ትመልስለታለች፤ መጨረሻውን ሁልጊዜ ታበላሸዋለች፣ እሱም እንደ መምህር ከመጀመሪያው ይጀምርላታል።

ሩቢ ልክ እንደ ማይክሮዌቩ ትጮሃለች፤ ምግቡ የደረሰ መስሎኝ ስንቴ ተነስቻለሁ። የኔንም ድምፅ ይዛለች። ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እያወራሁ፣ ገና ስለ ጉልበቷ ሕመም እየነገረችኝ፣ ሩቢ ከጥግ በኔው ድምፅ «እሺ እማዬ፣ በኋላ እደውላለሁ፣ ቻው ቻው» አለች።

እናቴ ዝም አለች።

«ማነው እሱ? አንቺ፣ ልጅ ደብቀሽኛል?»

ወፏ ናት አልኳት። ማልኩላት። አላመነችም፤ ቪዲዮ አስከፈተችኝ። ሩቢ ስልኩን በአንድ ዐይኗ፣ ቀጥሎ በሌላው አየችውና ዝም አለች። እናቴ መነጽሯን አደረገች።

«አንቺ ነሽ ስልኬን የምትዘጊብኝ?» አለቻት።