የፈረስ ጉልበቱን ተወውና ፍሬኑን አሳየኝ

የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የመኪና ማስታወቂያ ሲልክልኝ ይውላል። "ጋሼ፣ ይሄስ?" ይላል። ሁሌም ሙስታንግ ነው። ሁሌም ጥቁር ነው። ሁሌም አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ ቱርቦ የገጠመለት፣ ማርሚታውን ቆርጦ የጣለለት፣ መሬት እስኪነካ ዝቅ ያደረገው ነው። ልጁ ዘንድሮ ትራክ ዴይ መጀመር ይፈልጋል። እኔ ቀደም ብዬ ስለገባሁበት ሳልሾም አማካሪ ሆኛለሁ። በየማስታወቂያው ስር ከምመልስለት ሁሉንም አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ለማታውቁት፣ ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። ዋንጫ የለም። የራስህን መኪና ይዘህ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ ትሄዳለህ፣ ከፍለህ ትመዘገባለህ፣ በችሎታህ ምድብ ገብተህ በየተራ ሃያ ደቂቃ ገደማ ትነዳለህ። ጀማሪ ከሆንክ አጠገብህ አስተማሪ ይቀመጣል። መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ከፊትህ ያለው ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ "እለፍ" ሲልህ። ይሄ ደንብ መገናኛ አደባባይ ላይ ቢኖር እያልኩ አስባለሁ። ይቅር።

ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ታድለናል። ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ቻርልስ ታውን አጠገብ ነው። ከ1970 ጀምሮ ያለ ሜዳ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በጠዋት ከተነሳህ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳለህ። ዋናው ዙር 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው። ራቅ ብሎ ለሚሄድ ደግሞ ከኖርዝ ካሮላይና ድንበር አጠገብ ቪአይአር (ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ) የሚባል ሜዳ አለ፤ ሙሉ ዙሩ 3.27 ማይል ነው። ቪአይአር ቆንጆ ነው፣ ግን ሆቴል ይጠይቃል። እኔ የሰሚት ፖይንት ሰው ነኝ።

አሜሪካ እንደገባሁ የሰራሁት ፓርኪንግ ነው፣ ዲሲ ውስጥ። ፖርሽ፣ ኮርቬት፣ ቢኤምደብሊው ኤም ስሪ፣ የማላቆመው የመኪና ዓይነት አልነበረም። ሁሉንም የነዳሁት ግን በእግረኛ ፍጥነት፣ ከምድር በታች ነው። በዚያ ፍጥነት ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። የአክስቴ ልጅም መኪና የሚመርጠው ልክ እንደዚያ ነው፤ ቆሞ ሲያየው በማማሩና በወረቀቱ ላይ በተጻፈው የፈረስ ጉልበት።

ትራክ ላይ የፈረስ ጉልበት የሚያስፈልግህ ቀጥታው መንገድ ላይ ነው። ሰሚት ፖይንት ላይ ቀጥታው 2,900 ጫማ ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው አንደኛው ኩርባ ይጠብቅሃል። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ እየበረርክ ትመጣና ፍሬን ትረግጣለህ። እንደ ከተማ አረጋገጥ አይደለም። ቀበቶው ደረትህን እስኪይዘው ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዞረህ እዚያው ነህ። እንደገና ትረግጣለህ። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ይሄው ነው።

ፍሬን የፍጥነትን ጉልበት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ክብደት ሲጨምር ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። ሙቀቱ ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ካሊፐር፣ ከዚያ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በቆየ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ ውስጡ ትነት ይፈጠራል፣ ትነት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን ጉዞውን ይቀጥላል።

አንድ የሐምሌ ቀን ከፊቴ ክብደቱ የበዛ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው እጁን አውጥቶ አሳለፈኝና ወዲያው ወጣ። በኋላ ፓዶክ ውስጥ፣ መኪኖቹ ተራ የሚጠብቁበት ግቢ፣ አገኘሁት። ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ከግራው የፊት ቸርኬ ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ዲስኩ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ከእንጦጦ ጭነት ይዞ ቁልቁል የወረደ አይሱዙ የሚሸተውን ሽታ አስቡት። ሰውዬው የፍሬን ፔዳሉን በእጁ ይጫነዋል፣ ይሰምጣል፤ ይጫነዋል፣ ይሰምጣል። መኪናው ሞተሩ ላይ ብዙ ገንዘብ ፈሶበታል። ፍሬን ዘይቱ ግን ከሻጩ ሲረከበው የነበረው ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የምለው አንድ ነገር ነው። ፋብሪካው ራሱ ትራክ እንዲችል አድርጎ የጨረሰውን፣ ቀላል የሆነውን መኪና ፈልግ። ከዚያ ፍሬን ዘይት፣ ሸራና ጎማ ቀይርና ሂድ። ሌላ ሰው ጋራዥ ውስጥ የጀመረውን ፕሮጀክት አትግዛ። ቱርቦ የተጨመረበት ሞተር ሙቀቱም ይጨምራል፤ ራዲያተሩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ ፍሪሲዮኑ ግን በድሮው ልክ እንደተሰሩ ናቸው። አንዱን ስታጠናክር ቀጣዩ ደካማ ይበጠሳል። መጨረሻ የለውም።

እኔ ስመርጥ መጀመሪያ ያየሁት ማዝዳ ሚያታን ነው። ያላየ የለም። አዲሱ ትውልድ 1,060 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ 181 የፈረስ ጉልበት አለው። ፍሬን አይፈጅም፣ ጎማ አይፈጅም። ችግሩ ጣራው ነው። ጣራው የሚከፈት መኪና ሲሆን ብዙዎቹ ክለቦች ሮል ባር የሚሉትን ከመቀመጫው ጀርባ የሚታሰር የብረት ቅስት ይጠይቃሉ። ከዚያ ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ጠርዝ ዱላ አጋድመው ሄልሜትህ ከዱላው በታች መሆኑን ያያሉ። እኔ ረጅም ነኝ። ወንበሩን አውርዼም፣ ጎብጬም አየሁት። ጎብጦ መንዳት ደግሞ አያዋጣም። አጭር ሰው ከሆንክና ሮል ባሩ ካልከበደህ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ጋ አቁመህ ሚያታህን ግዛ።

ሆንዳ ኤስ2000ን ልቤ ይወደዋል። የመጀመሪያው ሞተር በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይጮሃል። ግን ምርቱ የቆመው በ2009 ነው፤ ጥሩ የተያዘው ዋጋው ሰማይ ነክቷል። አጥር ጋር ቢላተምብኝ ማልቀሴ ነው። ጣራውም ያው ነው።

ኮርቬት ሲ5 ዚ06 ትልቅ ፈተና ነበር። ከ2002 እስከ 2004 የተሰራው 405 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ለጉልበቱ ደግሞ ክብደቱ የሚገርም ነው፣ 1,415 ኪሎ ገደማ። በዋጋ ስትለካው የሚያህለው የለም። ግን ከ20 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ነው፤ ላስቲኩ፣ ቱቦው፣ ሽቦው አርጅቷል። የኋላ ጎማው ስፋት 295 ሚሊሜትር ነው፤ ጎማ በገዛህ ቁጥር ይሰማሃል። ቅዳሜን መኪና ስር ተኝቶ ማሳለፍ የሚወድ ሰው ይውሰደው።

ሙስታንግ ጂቲስ? መጥፎ መኪና አይደለም። እንዳትቀየመኝ። ግን ወደ 1,680 ኪሎ ነው። ከወሰድክም ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለበትን ውሰድ፤ ትልልቅ ብሬምቦ ፍሬንና የተሻለ ማቀዝቀዣ ከፋብሪካው አብሮት ይመጣል። ከአሜሪካኖቹ ምረጥ ካልከኝ ካማሮ ኤስኤስ 1ኤልኢን እመርጣለሁ። ምርቱ በ2024 ሞዴል ቆሟል፤ ግን የሞተር ዘይቱም፣ ካምቢዮውም፣ የኋላ ዲፈረንሻሉም ማቀዝቀዣ ተደርጎላቸው ነበር የሚመጣው። 

እኔ የወሰድኩት ቶዮታ ጂአር86 ነው። ሐበሻ ቶዮታ ገዛ፣ ምን ይገርማል በሉ። ሱባሩ ጋር አብረው የሰሩት ነው፤ ጃፓን ውስጥ ጉንማ በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ ነው የሚመረተው። ሞተሩ 2.4 ሊትር ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ 228 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ማኑዋል ካምቢዮ ያለው 1,280 ኪሎ ገደማ ነው። ጣራው የማይከፈት አልሙኒየም ነው። ኩርባ ላይ ኃይሉን ለሁለቱም የኋላ ጎማ የሚያካፍለው ቶርሰን ዲፈረንሻል ከታችኛው ሞዴል ጀምሮ አለው። በ2022 ሞዴል ሲወጣ መነሻ ዋጋው 27,700 ዶላር ነበር። አዲስ ሲገዛ ናሳ ከሚባለው የአሜሪካ የሞተር ስፖርት ማኅበር የአንድ ዓመት አባልነትና አንድ ነጻ የትራክ ትምህርት ቀን ይሰጡሃል። የጠፈሩ ናሳ አይደለም፤ እናቴ ግን እንደዚያ ነው ያሰበችው፤ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች።

ልቤን የገዛው ደግሞ የኋላ ወንበሩ ነው። ሰው ይቀመጥበታል ማለት ይከብዳል። ታጥፎ ሲተኛ ግን አራት ጎማ ይጭናል። ክሪክና የጎማ መፍቻም ይጨመራል። ተጎታች አያስፈልግህም፣ ፒክአፕ ያለው ወዳጅ አትለምንም።

እንከን የለውም አልልም። ባለቤቶቹ ብዙ የሚያወሩት ስለ ዘይት ግፊት ነው። ረጅም የቀኝ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ ግፊቱ ለቅጽበት እንደሚወርድ ጌጅ ገጥመው ያዩ አሉ። አንዳንዶች ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ ከፍተው ወንፊቱ ላይ የማሸጊያ ሲሊኮን ቁርጥራጭ አግኝተዋል። እኔ ከእያንዳንዱ የትራክ ቀን በፊት ዲፕስቲኩን፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ አያለሁ፣ ዘይቱ የላይኛው ምልክት ላይ መሆን አለበት። መመሪያው ከሚለው ቀድሜም እቀይረዋለሁ። ያገለገለ ስትገዛ ይሄን ሳትጠይቅ አትውጣ።

አሁን ወደ ሦስቱ ለውጥ ልምጣ። ፍሬን ዘይቱ ይቀድማል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ መቋቋም አለበት፣ ዶት 4 ደግሞ 230። ለትራክ የሚሸጡት ከ300 በላይ ይሄዳሉ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የምሳ ገንዘብ ነው። ሸራው ትንሽ ይወደዳል። የትራክ ሸራ ሲሞቅ ነው የሚነክሰው፤ ሲቀዘቅዝ ይጮሃል፣ ቸርኬህን በጥቁር አቧራ ይሞላዋል።

ጎማ ላይ የኔ ሐሳብ ከብዙዎቹ ይለያል። ለጀማሪ የሚያጣብቀውን ውድ ጎማ አትግዛ እላለሁ። ፕሪሚየም የሚባለው ከፍ ያለው የጂአር86 ሞዴል ይዞት የመጣው ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4 ነበር፤ ለመማሪያ ከበቂ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ከመልቀቁ በፊት ይጮሃል፣ ያስጠነቅቅሃል። እጅግ የሚያጣብቀው ጎማ ብዙ ዝም ብሎ ድንገት ይለቅሃል፤ ያኔ ደግሞ ፍጥነትህ ከፍ ያለ ነው። የጎማው ውጫዊ ትከሻ ቶሎ ሲበላ አይተህ የፊት ጎማውን ዘንበል የሚያደርግ ካምበር ብሎን ብታስገባ አልቃወምም። ርካሽ ነው፣ እኔም አስገብቻለሁ። ከዚያ ያለፈውን ገንዘብ ለምዝገባና ለአስተማሪ አውለው። አስተማሪዬ በኢንተርኮም "ዓይንህን አንሳ" ማለቱ ያተረፈልኝን ሰከንድ የትኛውም ሾክ አያተርፍልኝም።

ሄልሜት ስትገዛ ከጀርባው ያለውን ምልክት እይ። ለመኪና የሚሆነው ስኔል የተባለው የሄልሜት ፈታሽ ድርጅት ኤስኤ የሚል ምልክት ያደረገበት ነው፣ እሳት መቋቋሙ ተፈትሿል። የሞተር ሳይክሉን ብዙ ቦታ አይቀበሉህም። መደበኛው ኢንሹራንስህም ብዙ ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳት አይሸፍንም፤ ውልህን አንብብ። ለአንድ ቀን የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ አለ።

ጠዋት ፓዶክ ስትደርስ መኪናህን ባዶ ታደርጋለህ። ምንጣፍ፣ ጃንጥላ፣ የስልክ ገመድ፣ ሁሉም ይወጣል። ምርመራው እንደ ቦሎ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የእውነት ያያሉ። ጎማውን ይነቀንቃሉ፣ ዳዶውን ይፈትሻሉ። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ ነገርም አይፈቀድም። እናቴ የሰቀለችውን መስቀል ፈትቼ በኪሴ አደርጋለሁ፣ በሩ ኪስ ውስጥ ያስቀመጠችውን የጠበል ጠርሙስ ከጎማዎቹ አጠገብ። የተቀመጠበትን ብታውቅ ምን እንደምትለኝ እንጃ።

ማታ በዚያው መኪና፣ ኤሲ ከፍቼ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ ወደ ቤት እነዳለሁ። ሰኞ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰውም በሷው ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንቆም የትራክ ሸራው እሪ ይላል፣ ወላጆች ዞረው ያያሉ። ልጄ "አባዬ፣ ከዚህ ማዶ አውርደኝ" ማለት ጀምራለች። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ጋራዥ ውስጥ ክሪክ አስገብቼ የመደበኛውን ሸራ እመልሳለሁ።